የጉልበት ክኒን

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከበሩ ጥበቃ እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ "ሲስተር ቁጡ" ነው የሚሏት። ፊት ለፊት ግን አይሏትም፤ ማን ደፍሮ! የምትሠራው በኮሪደሩ ጫፍ ባለችው የኢንዶስኮፒ ክፍል ነው፤ ካሜራ የተገጠመለት ቱቦ በአፍ ገብቶ የሰው ጨጓራ ስክሪን ላይ በሚታይባት፣ የሚደማ ካለም ሆድ ሳይቀደድ ደሙ በሚቆምባት ክፍል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታባታለች። ቱቦዎቹን እንደ ሕፃን ነው የምታጥባቸው፤ አንድ ሰው ሳይጠነቀቅ ሲይዛቸው ካየች ያ ሰው የዚያን ቀን ውሎው አለቀለት።

ቁጡ ያሰኛት ግን ቱቦው አይደለም፣ ክኒን ነው። አንድ ሰው ደም አስመልሶት ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮበት ሲመጣ፣ ገና አልጋው ላይ ሳይወጣ ቅጿን ይዛ ትቆማለች።

"ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት ክኒን ይወስዳሉ?"

"አይ፣ አልፎ አልፎ ነው እንጂ…"

"አልፎ አልፎ ማለት በቀን ስንት ጊዜ ነው?"

ሰውየው ይቁለጨለጫል። "ሁለት… ሦስት ጊዜ።"

"ማን ሰጠዎት?"

"ጎረቤቴ ናት። ለእሷ በጣም ተስማምቷት…"

"ጎረቤትዎ ሐኪም ናት? ጨጓራ እኮ ብረት ድስት አይደለም አባባ! ያለ መከላከያ ይሄን ሲውጡ ከርመው አሁን ደሜ ፈሰሰ ይሉኛል!" ድምጿ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ ደግሞ መልሳ የሰውየውን ትራስ ታመቻቻለች፣ እግሩን ታለብሰዋለች። "ማን ሰጠዎት" የሚለው መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም፤ በየስብሰባው ተጨቃጭቃ ያስገባችው እሷ ናት። ሰው በሰው እጅ ነው የሚጎዳው፣ ያ እጅ ይታወቅ፣ ትል ነበር። አይ ሰው! አፉ የሚናገረውን ጆሮው ቢሰማለት ምን ነበረበት?

በዚያች ክፍል ደም የሚቆመው በሁለት ሰው ነው። የሚደማውን የደም ሥር ፈልጎ የሚያገኘው ሐኪሙ ነው። ሥሩን ቆንጥጦ የሚይዘውን ክሊፕ የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን እሱ አይደለም፤ የክሊፑ ረጅም ሽቦ በቱቦው ውስጥ አልፎ ይወርዳል፣ መያዣው ከላይ በረዳቷ እጅ ይቀራል። "ክፈቺ" ይላል ሐኪሙ፤ ትከፍታለች፣ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት መንጋጋ ትከፈታለች። "ዝጊ" ይላል፤ ትዘጋለች፣ መንጋጋዋ ሥሩን ትነክሳለች። "ልቀቂ" ሲላት ክሊፑ ከሽቦው ተላቆ እንደነከሰ እዚያው ይቀራል። ቸኩላ የዘጋች ረዳት ሥሩን ትስተዋለች፤ ጨክና የዘጋች ትበጥሰዋለች። የሲስተር ቁጡ እጅ ግን አይቸኩልም አይጨክንም። ዶክተሩ፣ ለስላሳ ሰው ነው፣ ሲሠራ ዜማ ያንጎራጉራል፣ ለጀማሪ ሐኪሞች "እኔ ዓይን ነኝ፣ እጁ የሷ ነው" ይላቸው ነበር።

ይቺ ሁሉን የምታንቀጠቅጥ ሴት ታዲያ አንድ የምትፈራው ሰው ነበራት፤ ታላቅ እህቷ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ሲስተሯ አራት ዓመቷ ነበር፤ እህቷ ያኔ ከትምህርት ቤት ወጥታ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፣ እንደተቀመጠችም ቀረች። አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ የነርስነት ጋዋኗን በገዛ እጇ ሰፍታ አለበሰቻት። አላገባችም። ስለ ባል ሲያነሱባት "ይምጣ፣ ልኩን ወስጄ ሱሪ እሰፋለታለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሂድ" ትልና ክሯን በጥርሷ በጠስ ታደርጋለች። ታናሿ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ ፀጉሯ መሸበት ጀምሮም "ሚጡ" ነበር የምትላት። ሚጡም "እታለም" ትላታለች።

እታለም የምትሠራው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መኪናው መስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የቀረው ቦታ የሰው ልብስ። ልብሱ ሁሉ ላይ በስፒል የተያዘች ወረቀት አለች፤ የባለቤቱ ስም፣ ከሥሩም ምን እንደሚደረግለት ተጽፎባታል። ገና ጀማሪ ሳለች የአንዱን የሠርግ ሱሪ ለሌላ ሰው ሰጥታ፣ ሙሽራው በአባቱ ሱሪ ተሞሽሯል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለበት ጨርቅ ቤቷ አያድርም። "የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የሰው ነገር ለባለቤቱ ነው" ትላለች። ሚጡ እንኳ ሹራቧን ረስታ ከሄደች በማግስቱ "የሚጡ። እጅጌው ይጠበቅ" የሚል ወረቀት ተሰክቶበት ታገኘዋለች።

ወደ አርባ ዓመት መኪና የረገጠ ጉልበት መጨረሻው ይታወቃል። ከሁለት ዓመት በፊት እታለም ከወንበሯ ስትነሳ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ሆነ። ሚጡ አየቻት፤ አንጀቷን በላቻት። በማግስቱ አንድ እሽግ የህመም ማስታገሻ አመጣችላት፣ ያንኑ ሰው ሁሉ ላይ የምትጮህበትን።

"ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው እታለም። ይሄን ከምግብ በኋላ። ይሄን እንክብል ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ፤ ጨጓራሽን ይጠብቅልሻል። ሁለቱ አይለያዩም፣ እሺ?"

"እሺ፣ አይለያዩም።"

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ሁለት ዓመት። ሚጡ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለቱንም ይዛ ትመጣለች። ሥራ ላይ በዚህ ክኒን የቆሰለ ጨጓራ በየሳምንቱ ታያለች፤ ስታየው ግን እህቷ አትታሰባትም። እኔ የማውቀው ነገር ነው፣ መከላከያውን አብሬ ሰጥቻለሁ፣ ትላለች ለራሷ። ከዚህ ሥራ ውጪ ያለ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የማያውቅ ሰው ይፈራል፤ እሷ አወቅሁ ብላ አልፈራችም።

እታለም በበኩሏ የሚጡ ምሳ ነበር የሚያሳስባት። ታካሚ በበዛ ቀን ሚጡ ሳትበላ ትውላለች፣ ማታ እህቷ ዘንድ ስትደርስ ደረቷን በእጇ እያሸች "ጨጓራዬ ተቃጠለ" ትላለች። "የሰው ጨጓራ ስታክሚ የራስሽን ቀቀልሽው" ትላታለች እታለም፣ ሳህን እያቀረበች። ሚጡ ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ይረሳል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሚጡ ቱቦ እያጠበች ሳለ ከውጭ ጩኸት ሰማች። ልትቆጣ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው፤ በሚገፋ አልጋ ጫፍ የወጣ፣ የቀኝ ሶሉ መኪና በመርገጥ ያለቀ ጫማ። ያንን ጫማ ራሷ ነበረች የገዛችው። ከአልጋው ጎን የእታለም ጎረቤት፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ነጠላዋ ደም በደም ሆኖ እየሮጠች ነው።

"መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ነው ድፍት ያለችው! ደም አስመለሳት! ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራዋ ጠቁሮ ለማንም አልተናገረችም!"

እታለም ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ሚጡ፣ የሰው ቀሚስ ላይ ደም ነጠበ" አለች። "ባለቤቷ ሐሙስ ትመጣለች።"

ደም ተሰቀለላት፣ ግፊቷ ትንሽ ተነሳ፣ ወደ ኢንዶስኮፒ ክፍሉ አስገቧት። ዶክተሩ ጓንቱን እያጠለቀ እንደ ወትሮው ጠየቀ፤ "ክኒን ትወስዳለች?"

ቅጹ ሚጡ እጅ ላይ ነው። እሷ ያስገባችው መስመር ከሥሩ ተጽፏል። ዶክተሩ እየጠበቀ ነው፣ ጀማሪዋ ነርስም ቆማ ታያታለች። ያቺ ኮሪደሩን ሁሉ የምታናውጥ አፍ ተከፈተችና "አትወስድም" አለች። "ማን ሰጠዎት" የሚለው ላይ ሰረዝ አሰመረች። አፈረች። ሌላ ስም የለውም፣ አፈረች። ደግሞም ለራሷ ምክንያት አላጣችም፤ ደሙን ማቆሙ ያው ነው፣ ክኒንም ይሁን ሌላ አሠራሩ አይለወጥም፣ አለች። ይሄስ እውነት ነበር።

"ሲስተር፣ አንቺ ብትወጪ ይሻላል" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። "እህትሽ ናት።"

"ሌላ ማን አለ? ሌላዋ ረዳት የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ይቺ ልጅ ክሊፕ የሞከረችው ስፖንጅ ላይ ብቻ ነው። እጄ አይንቀጠቀጥም ዶክተር።"

ዶክተሩ እጇን አየ። እውነትም አይንቀጠቀጥም።

እታለምን በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ጉሮሮዋ ላይ ማደንዘዣ ነፉላት፣ ቱቦው እንዳይነከስ የሚደረገውን መንከሻ ጥርሶቿ መሀል አደረጉላት። ቱቦው ገባ። ስክሪኑ ላይ ጨጓራዋ ታየ፤ የረጋ ደም ሞልቶታል። በውኃ አጠቡ፣ መጠጡ፣ አጠቡ። ከጨጓራው አለፉና ትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ቁስሉን አገኙት። ነጭ ጉድጓድ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀይ ሥር፣ በልብ ምቷ ልክ ደም ፊን እያደረገ። ዶክተሩ ማንጎራጎሩን አቆመ።

"አድሬናሊን።"

መርፌው ወረደ፤ በሥሩ ዙሪያ አራት ቦታ ወጉት። ሥጋው ነጣ፣ አበጠ፣ የደሙ ግፊት ቀዘቀዘ። አሁን ዙሪያው ይታያል።

"ክሊፕ። ክፈቺ።" ከፈተች። "ትንሽ ቆይ… ዝጊ።" ዘጋች፣ በቀስታ። ክሊፑ ጠርዙን ብቻ ነበር የያዘው። ያንን ተዉትና ሌላ አወረዱ። "ክፈቺ። አሁን። ዝጊ።" ሥሩ መንጋጋዋ ውስጥ ገባ። "ልቀቂ።" ለቀቀች። ሦስተኛውን ከጎኑ ደገሙለት። ከዚያ ሁለቱም ስክሪኑን ሲያዩ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ውኃ ረጩበት፤ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

"ቆመ" አለ ዶክተሩ።

ሚጡ ጓንቷን አውልቃ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተችና እሪ ብላ አለቀሰች። የውኃው ድምፅ ስለሸፈናት ማንም አልሰማም።

ከሰዓት እታለም ነቅታ ቀልድ ጀምራለች። "ሆዴን በክሊፕ ያዛችሁት አሉ። እንዴት ነው፣ እንደ ልብስ መስቀያ ቆንጣጭ?"

"እንደሱ በይው።"

"ታዲያ እኔን ብትጠሩኝ በድርብ ክር አልሰፋላችሁም ነበር?" ሳቀች፤ ሳቁ አደከማት። ትንሽ አረፈችና "ምንድነው ግን ያቆሰለኝ ሚጡ?" አለች።

ይኸው ጥያቄው መጣ። የምትመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ለስንቱ ባዕድ በጩኸት ስትናገረው የኖረችው። አልወጣ አላት። ያቺ ሴት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ያቀፈቻት ናት፤ እንዴት ብላ "እኔ ነኝ ያቆሰልኩሽ" ትላታለች?

"አሲድ በዝቶ ነው" አለች። "ሐሳብም ያመጣዋል።"

"እኔ ደግሞ ምን ሐሳብ አለኝ? አንቺ ምሳ አለመብላትሽ ካልሆነ።"

ነገ እነግራታለሁ፣ አለች ሚጡ በልቧ። ትንሽ ትጠንክርና።

እስከዚያው ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከሥራ እንደወጣች ወደ እህቷ ቤት ሄደች። የመኪናውን መሳቢያ ከፈተች፤ ከመቀስና ከጠመኔ ጋር ሁለት እሽግ ተኩል የጉልበት ክኒን አገኘች። ሰብስባ ወስዳ መንገድ ላይ ካለ የቆሻሻ ገንዳ ጣለችው። የጨጓራውን እንክብል ፈለገች፣ በመሳቢያውም በአልጋው ሥርም አንድ የለም። ጨርሳዋለች፣ እንዳልኳት ስትውጠው ነበር ማለት ነው፣ ብላ ትንሽ ተጽናናች። ክኒኑ ከቤት ከጠፋ አደጋው ጠፋ። መንገሩ ይደርሳል።

ረቡዕ ልትነግራት ሄዳ ስለ ደንበኞቿ ቀሚስ አውርተው ተለያዩ። ሐሙስ እታለም ተነስታ ተቀመጠች፣ ሾርባ ጠጣች። ጎረቤቷ የሰዉን ልብስ ለየባለቤቱ ማደሏን ነግራት ደስ አላት። ሚጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አሻሸችላት።

"ያመኛል ሚጡ። ሆዴስ ተወኝ፣ ጉልበቴ ነው የበላኝ። ሦስት ቀን ተኝቼ ጭራሽ ተቆለፈ።"

"ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው፣ የማይጎዳሽ ነገር ይሰጡሻል።"

"ኧረ እነሱ ስንት የባሰበት አለባቸው! በጉልበት ላስቸግራቸው?"

አሁን ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሀል ጀማሪዋ ነርስ ብቅ ብላ "ሲስተር፣ ዶክተር ይፈልግሻል፣ ድንገተኛ ገብቷል" አለች። ሚጡ ተነሳች። እውነቱን ለመናገር፣ ስትነሳ እፎይ ብላለች። ነገ፣ አለች።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ስልክ ተደወለ። ስትደርስ አንሶላው ቀይ ሆኗል፣ ነርሶቹ ዙሪያዋን ይሯሯጣሉ፣ እታለም ግንባሯ በላብ ርሶ ጣሪያውን ታያለች። ትራሷ አጠገብ የእጅ ቦርሳዋ አፉ ተከፍቷል፤ ሜትሯን የምትይዝበት ትንሽ ከረጢት ወጥቶ ከሥሩ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ይታያል። ሚጡ ማሸጊያውን አነሳችው። አራት ጉድጓድ፣ አራቱም ባዶ።

"እታለም፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ… ያንቺው ነው።" ድምጿ ከሩቅ ነው የሚመጣው። "ትናንት ማታ ሁለት፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት። ማንንም አላስቸግርም ብዬ። አትቆጪኝ… አንቺ የሰጠሽኝ ነገር አይጎዳኝም።"

ዶክተሩ አጠገባቸው ደርሷል። ሚጡ ማሸጊያውን ዘረጋችለት፤ ያ በሦስት ቀን ያልወጣ ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። "ዶክተር፣ ዋሽቼሃለሁ። ሁለት ዓመት ወስዳለች። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ያቆሰላትም እሱ ነው።" ይሄን ያለችው ለዶክተሩ ነው፤ ዓይኗ ግን እህቷ ላይ ነበር።

እታለም ሰማች። ግንባሯን ቋጠር አደረገች፣ ልክ የተበላሸ ስፌት ሲመጣላት የት ጋ እንደተሳሳተ እንደምታየው። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። አልተቆጣችም። በእውነት ሊገባት ስለፈለገች ብቻ ነው የጠየቀችው። "ብትነግሪኝ እኮ አልወስደውም ነበር።"

አልጋው ተገፋ። ኮሪደሩ ላይ እጇን ይዛ አብራት ትሮጣለች፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡ። የክፍሉ በር ላይ እታለም እጇን ጨበጥ አደረገቻት። "ምሳ በልተሻል?" አለች።

"በልቻለሁ።"

"ውሸትሽን ነው" አለች እታለም።

ቱቦው ሲገባ ስክሪኑ ቀይ ብቻ ነበር። አጠቡ፣ መጠጡ፣ ደሙ ከውኃው ይቀድማል። አንድ ጊዜ ብቻ ለአፍታ ገለል ሲል ቁስሉ ታየ፤ ሥሩን ይዘው ከነበሩት ክሊፖች አንዱ የለም፣ ሌላው ተንጠልጥሏል። "ክፈቺ" አለ ዶክተሩ። ከፈተች። "ዝጊ።" ዘጋች። መንጋጋዋ የነከሰችው የረጋ ደም ነበር። "ደግመን።" ከፈተች፣ ዘጋች። በሙቀት ሥሩን ለማሸግ ሞከሩ፤ ቦታው አይታይም። ቀዶ ሐኪሙ ተጠራ፣ ሦስተኛ ከረጢት ደም ተሰቀለ። "ዝጊ" አለ ዶክተሩ እንደገና፣ ድምፁ ተሰብሯል። ዘጋች። እጇ እስከ መጨረሻው አልተንቀጠቀጠም፤ ምን ዋጋ አለው። እታለም ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳትደርስ፣ ኮሪደሩ ላይ እያለች ልቧ ቆመ። መልሰው ሊያስነሱት ታገሉ፤ እሺ አላለም።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሚጡ ሥራ ገባች። ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ቅጹን ዘርግቶ ጠበቃት። እሱም ክስት ብሏል። "መስተካከል አለበት ሲስተር" ነው ያላት። "ለአለቆቹ የሚቀርበውን እኔ አብሬሽ ገብቼ አስረዳለሁ። ይሄን ግን ራስሽ ጻፊው።" "አትወስድም" የሚለውን ሰረዘች። ከሥሩ ባለው፣ በስንት ጭቅጭቅ ባስገባችው መስመር ላይ ሰረዙን አጥፍታ "እህቷ" ብላ ጻፈች። ፈረመችበት። የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ጩኸት አልተሰማም። አንዲት እናት ልጄ ናት ክኒኑን የምታመጣልኝ ስትላት፣ ሚጡ ብዕሯን አስቀመጠችና "ልጅዎ ውጪ ካለች ይጥሯት፣ አሁኑኑ አብረን እንንገራት" አለች።

ቅዳሜ ዕለት የእታለምን ክፍል ልታስለቅቅ ሄደች። ቁልፍ ሻጯ ጎረቤት ልታግዛት መጣች። የሰው ልብስ ሁሉ ለባለቤቱ ደርሷል፤ ባዶ መስቀያዎችና መኪናው ብቻ ቀርተዋል። የጀመረችው ቀሚስ ላይ የነጠበውን ደም እንኳ ጎረቤቷ አጥባ አስረክባለች። ሚጡ ክሮቹን በሳጥን ከተተች። ከመደርደሪያው ላይ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች፤ እታለም የተረፉ ቁልፎች የምታስቀምጥበት ነው፣ ልጅ ሳለች ሚጡ ወለል ላይ ዘርግፋ ስትጫወትበት የኖረችው።

"እሱን ለእኔ ተይልኝ፣ ቁልፍ ከሆነ እሸጠዋለሁ" አለች ጎረቤቷ።

ሚጡ ክዳኑን ከፈተች። ከላይ ቁልፍ ነው። ከቁልፉ ሥር እጇ ለስላሳ ነገር ነካ፤ ከአበባማ ጨርቅ የተሰፋች፣ አፏ በክር የምትሳብ ከረጢት። ጠቀም ያለች ናት፤ ስትያዝ ትንኮሻኮሻለች። ክሩን ፈታችና ወደ መዳፏ ዘንበል አደረገቻት። የጨጓራው እንክብል ነው። ሁሉም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያመጣችው፣ አንድም ሳይነካ፣ በየማሸጊያው እንዳለ፣ ጊዜው በሚያልፍበት ቀን ቅደም ተከተል በክር ታስሮ። ከረጢቷ ላይ በስፒል የተያዘች ወረቀት አለች። እጇ አሁን ገና ተንቀጠቀጠ፤ ወረቀቷን ማንበብ አቃታት።

ጎረቤቷ ቀርባ አነበበችላት። "'የሚጡ' ይላል። 'ምሳ ሳትበላ ለምትውልበት፣ ለጨጓራዋ። ብዙ ሲሞላ ይሰጣት።'" ቀና ብላ አየቻት። "ምንድነው እሱ?"

"የሷ ነበር" አለች ሚጡ። "የሷን ጨጓራ እንዲጠብቅ ያመጣሁላት። ለእኔ አስቀመጠችው።" ከዚያ መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና፣ ለእህቷ በቀጥታ ያልነገረቻትን ለባዶው ክፍል ተናገረች። "እታለም፣ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈርቼሽ ነው።"

ጎረቤቷ እያለቀሰች ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። ከረጢቷን ግን አልነካችም፤ ክሯን ስባ አሰረችና፣ ስፒሉን አጥብቃ፣ ሚጡ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

"ስም ተጽፎበታል" አለች። "ከዚህ ቤት የሰው ነገር ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። ውሰጂው።"

ሚጡ ወሰደችው። ምን ታድርግ፣ የሷ ነው።